በቀትር የዘነበው የሌሊት ዝናብ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። መብራት ከተማችን ሮብ ገበያ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። የመጀመሪያው የልጅ ልጄ ደግሞ ገና አልተወለደም ነበር። ከዚያ በላይ ልቤ አይጠራልኝም። ክረምት ለመሆኑ ግን አልጠራጠርም፤ ክረምት ባይሆን ነገሩም ባልመጣ።

ሥራዬ ዝናብ መለካት ነበር። ከከተማው ዳር፣ የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ሜዳ ላይ፣ በሽቦ የታጠረች ትንሽ ግቢ አለች። እዚያ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ዕቃ ቆሟል፤ ሲዘንብ ውሃው ይጠራቀምበታል። እኔ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ፣ ውሃውን መስመር ወዳለበት ብርጭቆ ገልብጬ፣ የደረሰበትን አንብቤ ለሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ በስልክ እናገራለሁ። ሥራው ይኸው ነው። ትምህርቴ ከፊደልና ከዳዊት አላለፈም፤ ቁጥሩንም ያስለመደኝ መሥሪያ ቤቱ ነው። ሆኖም ገብስ የሚዘራው፣ ድንች የሚተክለው በመንገድ ሲያገኘኝ “ትናንት ስንት ዘነበ?” ይለኛል። እነግረዋለሁ፤ እሱም አምኖኝ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ሰው እኔን የሚጠይቀኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ዝናብ በራሱ የሚቆጥር ሳጥን መጣ። ያመጣችው ከደብረ ማርቆስ የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። የደሴ ልጅ ናት፣ ሙስሊም፤ ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ ታንሳለች፤ ጫማዋ ከእኛ ጭቃ ጋር ፈጽሞ አይስማማም። ሳጥኑን ከቆርቆሮው ዕቃ አጠገብ በብረት ላይ አቆመችው። ከላዩ ማጥለያ የመሰለ አፍ አለው። ከአፉ ሥር ደግሞ ከማንኪያ የማትበልጥ ጎድጓዳ ነገር ተቀምጣለች፤ ውሃ በሞላት ቁጥር ቀጭ ብላ ትገለበጥና ትመለሳለች። ከታች ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ቀጭታዋን ይቆጥርና በስልክ መስመር ለመሥሪያ ቤቱ ይልካል።

“ሊነክስ ነው ያለበት፣ አባባ” አለችኝ።

“ምንድን ነው እሱ?”

“ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ነው። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም በእሱ ላይ ተቀምጦ ይሠራል።”

“እንደ ጭሰኛ?”

“ልክ እንደ ጭሰኛ” ብላ ሳቀች።

ሳጥኑ ፊት ላይ ሰዓት የሚያሳይ ትንሽ መስተዋት ነበር። ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ፀሐይ ከወጣች ሁለት ሰዓት ሲሆናት ስምንት ይላል። “በእኛ ሰዓት ቢሆንልኝ፣ ልጄ” አልኳት። “ቀላል ነው፣ ስድስት መቀነስ ብቻ ነው” አለችና ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታ እዚያው ሠራችው። ደስ አለኝ፤ አከበረችኝ ብዬ።

መጀመሪያ ሁለታችን ተስማምተን ነበር፣ እኔና ሳጥኑ። ክረምቱ ሲበረታ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ስልክ መጣ። “አባባ፣ የእርስዎና የሳጥኑ ቁጥር አልገጠመም” አለኝ ቁጥሬን የሚቀበለኝ ልጅ። ሳጥኑ ከእኔ አብልጦ ነበር። በማግስቱ እንደገና አበለጠ። ከዚያ ዳመናው ፀንቶ፣ ፀሐይ የሚበላው ባትሪው ደክሞ ሳጥኑ ጠፋ፤ ሲነቃ ደግሞ ከእኔ ጋር ገጠመ። ለጥቂት ቀን ሰላም ሆነ። ከዚያ እንደገና አበለጠ። ልጁ በስልክ የተናገረኝ ክፉ ቃል የለም። “መነጽርዎን ይቀይሩ ይሆን?” ብቻ ነው ያለኝ።

የግራ ዓይኔ ያኔ ጉም ይዞት ነበር። እጄም ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፤ ውሃውን ስገለብጥ አፍስሼ ይሆናል አልኩ። ሳጥኑ ስቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። መሣሪያ ምን ብሎ ይዋሻል? ሰው የነገርኩትን ቁጥር ይዞ ሲሄድ ከኋላው አየው ጀመር። ሳይወስዱብኝ በፊት የግቢውን ቁልፍ በገዛ እጄ ላስረክብ ብዬ ቆረጥኩ።

በቆረጥኩበት ጠዋት ጋቢዬን ለብሼ ወደ ምስማሩ ሄድኩ፤ ቁልፉ የለም።

“ቁልፉ የት ገባ?” አልኳት ባለቤቴን።

“እኔ ጋ ነው።”

“አምጪው፣ ላስረክብ ነው።”

“መስቀል ይለፍና ታስረክባለህ። እስከዚያ በሩን እኔ እከፍታለሁ።”

“አንቺ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሆንሽው መቼ ነው?”

“ባሌ ከታወረ ወዲህ” አለችኝ።

ቤቱን አገላብጬ ፈለግሁ። በኋላ እንደሰማሁት የሽሮ ዕቃው ውስጥ ነበር፤ እዚያ ደግሞ እጄን ሰድጄ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሁለታችን መሄድ ሆነ። እሷ ትከፍታለች፣ እኔ እገለብጣለሁ። ቁጥር አታነብም። ግን ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ ታነሣና ውሃው ከደረሰበት ላይ ጥፍሯን ታሳርፋለች፤ “ይኸውልህ፣ እዚህ ነው” ትለኛለች። እኔም ከጥፍሯ አጠገብ ያለውን መስመር አነባለሁ። ሁልጊዜ እኔ ካየሁት ጋር አንድ ነው። ይህም ቢሆን አላጽናናኝም፤ ሁለት ያረጀ ሰው ተስማማ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ።

መምህርቷ ቁጥሩ አለመግጠሙን ሰምታ በፍልሰታ ጾም መጣች። ከሚኒባሱ ወርዳ እስክትደርስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። ሳጥኑን ከፈተች፣ ገመዱን ነቅላ መልሳ ሰካች፣ ከዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ጥላ ይዤላት ቆምኩ። በላፕቶፗ ጥቁር መስተዋት ላይ ነጭ ጽሑፍ ይወርዳል።

“ምን ታያለሽ?”

“ሊነክሱ የገጠመውን ሁሉ ይጽፋል፤ እሱን ነው የማነበው። ገመድ ቢላላ፣ ባትሪ ቢደክም ይናገራል።”

“ምን አለ?”

“ስለ ባትሪው አማረረ። ሌላ ምንም አላለም።”

ከዚያ ባለቤቴን ጆግ ውሃ ለመነቻት። ውሃውን ለክታ መለሰችላት፤ ባለቤቴ ቀስ እያለች በሳጥኑ አፍ አፈሰሰች። ቀጭ፣ ቀጭ። ልክ መጣ። እንደገና። ልክ መጣ። አንድ ቄስ ጎረቤታችን በግቢው ጥግ ሲያልፉ ቆመው አዩን። ሰማዩ የተንጠለጠለ፣ ምድሩ ረግረግ ነው።

“እንዴት ዋላችሁ? ምነው፣ ዝናብ ጠፍቶ ነው በጆግ የምታዘንቡ?”

“እግዜር ይመስገን፣ አባ” አለች ባለቤቴ፤ “የላይኛው አልበቃ ብሏቸው ነው።”

“እንግዲያ ወደ እኔ ማሳ አታዙሩት። ድንቼ በስብሷል።”

መምህርቷ ግን አልሳቀችም። ገመዱን ነቅላ መስካቷ ቆጭቷት ነበር። “ፕሮግራሙ ሲነሣ ሁሉን ከአዲስ ይጀምራል። የተበላሸ ነገር ከነበረ በገዛ እጄ አጠፋሁት” አለች። ቁጥሩ ልክ ሲሆንለት የሚናደድ ሰው ያኔ ነው ያየሁት።

ቤት ገብተን ሽሮና ቅቅል ድንች በላን። ጾም ስለሆነ ከእኛ ማዕድ ለእሷ የሚከብድ ነገር አልነበረም። እሷም “ዛሬስ አንድ ዓይነት በላን” አለች። ባለቤቴ ድንች እየላጠች፣ ስለ ሳጥኑ፣ “ቀን ቀንማ ጨዋ ነው። ሌሊት የሚያድርበትን ማን አየ?” አለች። ለጨዋታ ነው ያለችው፤ ስለ ጎረምሳ እንደሚባለው። መምህርቷ ድንቹን አፏ ጋ እንዳደረሰችው ቀረች።

“እማማ፣ ሌሊት ይዘንባል እዚህ?”

“አንዳንዴ ነዋ። ብዙውን ከሰዓት በኋላ ነው እንጂ።”

ወደ ግቢው ተመለስን። መምህርቷ የሳጥኑን ሰዓት ማታለል ጀመረች። ቀትር ላይ ሆነን ሳጥኑን ሌሊት ሰባት ሰዓት ነው አለችው። ባለቤቴ አፈሰሰች፤ ምንም አልሆነም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው አለችው። አንድ ጆግ ፈሰሰ። ሁለተኛው ሲፈስ ሳጥኑ ከተፈሰሰው አብልጦ ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ የባሰውን አበለጠ።

“ወላሂ ያዝኩት!” ብላ ከበርጩማው ተነሣች፤ ከዚያ መልሳ ተቀመጠች። “ማለቴ አልያዝኩትም ገና። አንድ ቁጥር አለ፣ አባባ። ይቺ ማንኪያ አንዴ ስትገለበጥ ስንት ዝናብ ማለት እንደሆነ የሚናገር። መለወጥ የለበትም። እያደገ ነው። ማን እንደሚነካው ግን አላውቅም።”

“እንዴት ታውቂያለሽ ታዲያ?”

“ዘበኛ አቆምበታለሁ። ይህን ቦታ የነካ ሁሉ እንደነካ ባለበት ደርቆ ይቆማል፤ እኔም መልኩን አያለሁ።”

የሆነ ነገር ጻፈች። ባለቤቴ ጥቂት ውሃ ጠብ አደረገች። ማንኪያዋ ቀጭ አለች፤ የመስተዋቱ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። መምህርቷ ጎንበስ ብላ አነበበች፣ ደግማ አነበበች።

“ማነው?” አልኳት።

“እኔ ነኝ” አለች። “የእርስዎን ሰዓት የጻፍኩበት መስመር ነው።”

እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። ፕሮግራሙ ለቀንና ለሌሊቱ ሃያ አራት መሳቢያ አለው፤ ለየሰዓቱ አንድ። ዝናብ ሲጥል የሰዓቱን መሳቢያ ፈልጎ አንድ ይጨምርበታል። ከፈረንጁ ሰዓት ስድስት ስትቀንስ የእኛ ይሆናል፤ ቀን ሙሉ ይህ ያዋጣል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ፈረንጅ ሰዓቱን ከባዶ ይጀምራል። የእኛ ስምንት ሰዓት ሌሊት ለእነሱ ሁለት ነው። ከሁለት ላይ ስድስት ሲቀነስ ከባዶ በታች ይወርዳል። እሷ ቁጥሩ ዞሮ ከመጨረሻዎቹ መሳቢያዎች ላይ ይቀመጣል ብላ ነበር፤ ቋንቋው ግን አላዞረውም። ከመጀመሪያው መሳቢያ ወደ ኋላ ቆጥሮ የሌላ ሰው ቤት ገባ፣ አንድም ጨመረ። በሰባት ሰዓት የሚገባበት ቤት ባዶ ነው፤ በስምንት ሰዓት የሚገባበት የማንኪያዋ ቁጥር ያለበት ነው።

“ወደ ሰው ቤት ሲገባ ዝም ይለዋል?” አልኩ።

“ይሄ ቋንቋ አጥር የለውም፣ አባባ። ፈጣን የሆነውም ለዚያ ነው።”

“አጥር የሌለው ማሳ ለላምም ፈጣን ነው” አለች ባለቤቴ፤ ጆጓን እንደያዘች።

ያን ጊዜ መምህርቷ ሳቀች፤ ብዙ ሳቀች። ከዚያ አስተካከለችው። ስድስት መቀነሱን ትታ አሥራ ስምንት መደመር፣ ድምሩ ሃያ አራት ሲሞላ ሃያ አራቱን መጣል ነው ያደረገችው፤ ሲደመር ከባዶ በታች የሚወርድ የለም። ወደ ፈረንጅ ሰዓት ልመልሰው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በእኛው ይሁን አልኳት። ከግቢው ሳትወጣ ለመሥሪያ ቤቱ ደወለች። “የአባባ ንባብ ልክ ነው። የሳተው የእኔ ፕሮግራም ነው፤ ሳጥኑ ያበለጠባቸውን ቀኖች በእሳቸው ቁጥር ተኩ” ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ብርጭቆውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩና ወደ ቦታው መለስኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ግድም፣ በቤታችን ቆርቆሮ ጣራ ዝናብ ሲመታ ሰማሁ። ጠዋት ሄድን፤ በሩን ከፈተች፣ ጥፍሯን አሳረፈች፣ አነበብኩ። ደወልኩ። “ገጥሟል፣ አባባ” አለኝ ልጁ፤ ስለ መነጽርም አላነሣም። ገበያ ላይ አንድ ሰው ስንት ዘነበ ሲለኝ ሙሉ ድምፄን አውጥቼ ነገርኩት።

መስቀል አለፈ። ደመራው በነደደ ማግስት ስነሣ ቁልፉ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሽሮ ሽሮ ይሸታል።

“መስቀል አልፏል” አለችኝ ባለቤቴ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። “ታስረክባለህ?”

“ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ነጠላሽን ልበሺ” አልኳት።

ሳጥኑን ያዳነችው መምህርቷ ናት፤ ይህ ሐቅ ነው፣ ዛሬም ድረስ ለፋሲካ ደውላ ትጠይቀናለች። መምህርቷ እስክትመጣ ድረስ ግን ሳምንታት ነበሩ፤ በእነዚያ ሳምንታት ቁልፉን ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ንባቤ ትክክል ነው ሲባል ለመስማት እዚያ ባልተገኘሁ ነበር። ያን ክረምት ያሻገረችኝ ቁልፉን ሽሮ ውስጥ የቀበረችው ሰው ናት፤ ባለቤቴ።