የሥዕሏ እናት
በዚያ ዓመት የከዚራ ሰፈሩ የሥዕል አዳራሽ አራት ጊዜ ኤግዚቢሽን ሲከፍት፣ ወተት ሻጯ ሴትዮ አንዱም አላመለጣት። ሌላው ሰው ከሥዕል ሥዕል ሲዞር፣ እሷ ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ በቀጥታ ወደ አንዲት ባለ ቀይ ሻሽ ልጃገረድ ሥዕል ትሄዳለች።

«እናቴ፣ መስጊድ አይደለም እኮ!» አላት አንድ ቀን ዘበኛው ዲሪር፣ እየሳቀ።

«ልጄ ናት፤ ከመሞቷ በፊት ገበያ ላይ ሳሏት። በሕይወት ሳለች ማንንም በጫማ ቤት አታስገባም ነበር፣ ወላሂ!»

ዲሪር ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

በዓመቱ መዝጊያ የአዳራሹ ሹሞች ሥዕሏን ለአንድ ለጋስ ነጋዴ አበረከቱለት፤ ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ሴትዮዋ በማግስቱ ስትመጣ ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማር ብቻ ነበር።

«ለትልቅ ሰው ሰጧት። አዲስ አበባ ወሰዳት» አለ ዲሪር፣ አንገቱን ደፍቶ።

ሚስማሩን ስታይ ቆየችና ወደ እሱ ዞረች።

«አቦ፣ ልጅ ስትዳር እናት አትጠየቅም?»