አንዴ ደረቅ፣ ሁለቴ ውሃ

በሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የቀለጠ እርሳስ ከሸተተኝ እግሬ ይያዛል። አምቦ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን ያደግሁት አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ትምህርቴም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚያ ጋራዥ ግን ብዙ አውቃለሁ።

አባቴ በያጅ ነበር። እኔ ሳልወለድ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ውጭ አገር ልኮት፣ ውሃ ላይ የምትሄድ መኪና የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ወራት ቆይቷል። እራት ላይ የሚያወራን ስለዚያ ነበር። የመኪናዋ ሆድ እንደ ጀልባ ተደርጎ ከብረት ይሠራል። መጋጠሚያው መጀመሪያ ይበየዳል፤ ከዚያ እርሳስ ይፈስበትና በሞረድ ይስተካከላል። በሮቿ ዙሪያቸውን ጎማ ይለብሳሉ፣ መቆለፊያቸውም ሁለት ሁለት ነው። ከኋላ፣ ከሞተሩ በታች፣ ውሃ እየገፉ የሚያስኬዷት ሁለት ተሽከርካሪ መቅዘፊያዎች ይገጠማሉ። ሁሉ ካለቀ በኋላ መኪናዋ ሰው ተቆልፎባት ገንዳ ውስጥ ትወርዳለች። ሰውየው በባትሪ እያበራ መጋጠሚያውን ያያል፤ ወለሉንም በመዶሻ እጀታ ይመታል። አንዴ ከመታ ደረቅ ነው፤ ሁለቴ ከመታ ውሃ ገብቷል። አባቴ እዚህ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ያለዚያ ሰው ቃል መኪናዋ ከፋብሪካው አትወጣም ይለን ነበር።

አንድ በጋ፣ አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ሐይቆችን የሚያጠና ፈረንጅ እንዲህ ያለችውን መኪና ይዞ መጣ። ወለሏ ዝጎ ተበስቷል። አባቴ የተበላውን ቆርጦ ጣለና ፋብሪካው እንደሚያደርገው አድርጎ ሠራት። ከጋራዡ ኋላ ጉድጓድ አስቆፍሮ ከሁሉቃ ወንዝ በቦይ ውሃ አስገባ። መቀመጫው ሥር ገብቶ የሚያይ ቀጭን ሰው ሲያስፈልግ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

እናቴ፣ "ልጄን እንደ ሬሳ ሳጥን ልትቆልፍባት ነው?" አለችው። አባቴ ሳቀ፤ በዚያ ላይ የስንዴ ዱቄቷን ወስዶ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነሰነሰው። ውሃ ከገባ ዱቄቱ ይጠቁራል። ከጠቆረ ሁለቴ መትቼ፣ ቦታውን በጠመኔ እስክከብብ እዚያው መቆየት ነበረብኝ።

በሮቹ ሲቆለፉ ጆሮዬ ደነዘዘ። በደረቴ ተኝቼ ባትሪውን አበራሁ። ውሃው ከሥሬ ብረቱን ይልሳል። መጨረሻው ጥግ ላይ ዱቄቱ የጥፍር ያህል ጠቁሮ አየሁ። የመዶሻውን እጀታ ሳነሣ፣ ልክ ከደረቴ በታች፣ ከውጭ፣ አንድ ነገር አንዴ መታ። ቀስ ብሎ ነው የመታው። አባቴ መሰለኝ። ነገር ግን የአባቴ ድምፅ ከጉድጓዱ ዳር፣ "ምነው ዝም አለች?" ሲል ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ የፈለግሁት መውጣት ብቻ ነበር። አንዴ መታሁ።

አባቴ አውጥቶ ግንባሬን ሳመኝ፣ "የኔ ጎበዝ" አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ፈረንጁ እጁን እየጨበጠው ነበር። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሳልነግረው ዋልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴና ፈረንጁ እኔንም ይዘው ደንዲ ሐይቅ ሄዱ። ጉም ውሃውን ሸፍኖታል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። የአባቴ ወዳጅ ኦቦ ገመቹ ሐይቁ ዳር ነው ቤታቸው። ከአባቴ ጋር "አካም ቡልተን" ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደርክ ተባባሉና መኪናዋን ዞረው አዩዋት። "እሷ ዋና ከቻለች የኔ በቅሎ ምን ያንሳታል?" ብለው አሳቁን። ከዚያ እንደ አገሩ ልማድ ለምስጋና እርጥብ ሣር ነቅለው ውሃው ውስጥ ነክረው አስቀመጡ፤ ለእኔም ሰጡኝ፣ እንደሳቸው አደረግሁ።

አባቴ ከፈረንጁ ጋር መኪናዋ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን መቆለፊያ ሲዘጋ፣ "አባዬ" አልኩት።

"ወይ?"

"ምንም።"

ሁለተኛውንም ዘጋው። መኪናዋ ውሃው ውስጥ ገባች፣ ጉሙም ዋጣት። ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ያኔ የኦቦ ገመቹን ጋቢ ያዝኩና፣ "ውሃ ይገባል፤ ዋሽቼ ነው" አልኳቸው። እሳቸው ወደ ጉሙ ጮኹ። የራሳቸው ድምፅ ብቻ ከተራራው ተመልሶ መጣ። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። ሞተሩ እንደገና ተሰማ፤ መኪናዋ ኋላዋ ዘቅጦ፣ ቀስ እያለች ከጉሙ ወጣች።

አባቴ እስከ ባቱ ርሶ ወረደና ፊቴ ተንበረከከ። "በምን መታሽው? በድንጋይ?" አለኝ። ሞተሩን አጥፍተው ሳለ ከእግራቸው ሥር ሁለቴ ሲመታ ሰሙ። ምንጣፉን ሲያነሡት ውሃው ገብቷል። ከዳር ሆኜ ድንጋይ ወርውሬ መኪናዋን የመታሁ መስሎት ነበር።

"እኔ አይደለሁም" አልኩት።

ኦቦ ገመቹ፣ "ልጅቱ ከአጠገቤ ንቅንቅ አላለችም" አሉና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መለሱ። ፈረንጁ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ያለውን ቡሽ ነቀለ። ውሃው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

እዚያው ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። አልመታኝም። "ፈርተሽ ነበር?" አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። "እሱን ብትነግሪኝ ይበቃኝ ነበር" አለኝ።

ዛሬ እንግዶች ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲዝናኑ ይውላሉ፤ እኔ ግን እስካሁን ውሃ ላይ አልወጣሁም። ልጆቼ በሦስት ከተማ ተበትነዋል። ስደውል፣ "ደህና ነኝ እማዬ" ይሉኛል፤ አንዳንዴም ቶሎ ይሉታል፣ በጣም ቶሎ። እንደገና ስጠይቅ ነዝናዛ ይሉኛል፣ እርስ በርሳቸውም ይሳሳቁብኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ቶሎ የሚባለውን "ደህና" አውቀዋለሁ፤ እኔም ያኔ ወለሉን አንዴ መትቼ ብዬዋለሁና። ስልኩን አልዘጋም። ትንፋሻቸውን እየሰማሁ፣ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።