ጀማል መርጨት ተወ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ አዳማ

«ጭሮ! ጭሮ! አሰበ ተፈሪ!» ረዳቶቹ አንዱን ከተማ በሁለት ስሙ ስለሚጠሩት፣ የማያውቅ ሰው ሁለት ቦታ የሚሄድ መኪና ያለ ይመስለዋል። የተወለድኩት እዚያው ነው። ለእኔ አሰበ ተፈሪ፣ ለልጆቼ ጭሮ። ሃያ ሁለት ዓመት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያተረፍኩት ያበጠ እግር ብቻ ስለሆነ፣ ረዳቱን ለምኜ የፊት ወንበር አገኘሁ።

የምሄደው አብሮ አደጌ ዘይነባ ጠርታኝ ነው። ከበደሳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከባሏ ከጀማል ጋር ጫት ያመርታሉ። ማክሰኞ ደውላ «ሰብሌ፣ የጀማል እጅ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። «ጫቱን በረጨ ቁጥር ያስመልሰዋል። ተው ስለው አይሰማም። አንቺ የመድኃኒት ሰው ስለሆንሽ ይሰማሻል።» ልትዘጋው ስትል ደግሞ «ስትመጪ ከሚኤሶ የግመል ወተት ያዥልኝ» አለች። የመድኃኒት ሰው ወተት ተሸክማ ትሂድ ማለት ነው። እሺ አልኩ።

2 ሰዓት ተኩል፣ አዋሽ

ፉል በዳቦ፣ ሁለት ሻይ። ፉሉ ቀዝቅዟል፤ «ቢሞቅ ይሻላል» ስለው አስተናጋጁ «በኋላ ይሞቃል» አለኝ። የአየሩን ማለቱ መሰለኝ። አልተሳሳተም።

4 ሰዓት ተኩል፣ ሚኤሶ

ቦርደዴን ስናልፍ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ግራር፣ ድንጋይ፣ የጎድን አጥንታቸው የሚቆጠር ከብቶች። ዝናቡ ዘንድሮም ዘግይቷል። አሰቦት ላይ ከኋላዬ ያሉ አሮጊት ወደ ገዳሙ ተራራ ዞረው ሲያማትቡ እኔም አማተብኩ።

ሚኤሶ ሴቶቹ ወተቱን በቢጫ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። «ቅመሺው!» አለችኝ ሻጯ።

«የግመል አልቀምስም፤ ለሰው ነው።»

«አማራ ነሽ?» ብላ ሳቀች። «ላንቺ ባይሆንም ጥሩውን ልስጥሽ።» ዋጋው ካምናው ጨምሯል፤ እሷም እኔም ስለዚያ ብዙ ለማውራት አቅም አልነበረንም።

ሾፌራችን በበኩሉ አንድ ዙርባ ጫት ገዝቶ፣ በውሃ አንድ በአንድ ያጥበዋል። ዙርባ የጫት እስር ነው። እንዲህ የሚታጠብ ጫት አይቼ ስለማላውቅ ጠየቅኩት።

«እናቴ፣ የዛሬ ጫት እንደ ድሮው አይደለም። ምላስ ያደነዝዛል። ይረጩበታል።»

«ታዲያ ለምን ትቅመዋለህ?»

«አጥቤዋለሁ እኮ!» አለኝ፤ ጥያቄዬ እንዳልገባው ያስታውቃል።

ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት፣ ጭሮ

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ይወጣል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ተራራው ከግርጌ እስከ አናቱ ጫት ነው። ልጅ ሆኜ የማሽላ ማሳ የነበረው ሁሉ አሁን ጫት ሆኗል። ሰው ምን ያድርግ? ማሽላ የልጅ ደብተር አይገዛም።

አልጋ ከያዝኩ በኋላ ጀማል የሚረጨው ምን እንደሆነ ለማወቅ ገበያው ዳር ወዳለ አንድ ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ሳሙና፣ ባትሪ፣ ቅመም፣ ከነሱ ጎን በለስላሳ ጠርሙስ የተቀዳ ወተት የመሰለ ፈሳሽ።

«መድኃኒት አለ?» አልኩት።

«ለሰው ነው ለጫት?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። «ለጫት» አልኩት። ከጠርሙሶቹ አንዱን አነሳልኝ። ጽሑፍ የለውም፤ ክዳኑ በፌስታል ታስሯል። ስሙን ብጠይቀው «ቆሪቻ ነው» አለኝ። ቆሪቻ በኦሮምኛ መድኃኒት ማለት ነው፤ የራስ ምታት ኪኒንም ቆሪቻ፣ ይሄም ቆሪቻ። ልኩን ብጠይቀው «በክዳን አንድ፤ ተባዩ ከበዛ ሁለት፤ ቶሎ እንዲያቆጠቁጥ ከፈለጉ ሦስት» አለኝ። እኔ ለአንድ ፍሬ ኪኒን ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ እያልኩ ስጨቃጨቅ ነው ያረጀሁት። ጠርሙሱን መልሼለት ወጣሁ፤ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

አርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከበደሳ ወጣ ብሎ

በሚኒባስ እስከ በደሳ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ሲል በእግር። ዘይነባ መንገድ ላይ ወጥታ ጠበቀችኝ። አቅፋኝ ስታበቃ መጀመሪያ ያየችው ጀሪካኑን ነው።

«አመጣሽው! አልሐምዱሊላህ። ከረጨ በኋላ ሁልጊዜ ወተት ይጠጣል፤ መርዙን ያወጣለታል ይላሉ። የላሟ ደርቋል።»

ከሚኤሶ የተሸከምኩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። «ዘይነብ፣ ወተት አያወጣውም» አልኳት። ቅር አላት።

ጀማል ከደጁ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ድሮ ሠርጋቸው ላይ ሲጨፍር መሬት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። አሁን ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ሻዩ ይፈስበታል።

«ዶክተር መጣሽ!»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ለእኔ ነሽ።»

ዓይኑን አየሁት። ጥላ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሊሰፋ የሚገባው ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ያልበዋል፤ ምራቁን ቶሎ ቶሎ ይተፋል። አንድ ክሊኒክ ሄዶ ታይፎይድ ነው ብለው እንክብል እንደሰጡት ነገረኝ። ምን እንደምትረጭ ጠየቁህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «ምን አገባቸው?» አለኝ። መርዙን በባዶ እጁ እንደሚያማስለው፣ ፓምፑ ጀርባው ላይ እንደሚያንጠባጥብ፣ ሸሚዙን ሳይቀይር ምሳ እንደሚበላ አንድ በአንድ አወጣልኝ። ዘይነባ ደግሞ ያልጠየቅኳትን ጨመረች፤ ትኋን ሲያስቸግራቸው በአልጋው ስንጥቅ ሁሉ ቆሪቻውን አፍስሶበታል።

«እላዩ ላይ ነው የምትተኙት?»

«ትኋኑ ጠፍቷል ወላሂ!» አለ ጀማል በኩራት።

ቁጣም ሳቅም ያዘኝ፤ ለሁለቱም አቅም አጣሁ። መድኃኒት የተባለ ነገር ሰው ይፈራዋል እንዴ? ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ፣ የምትረጨውንም ጠርሙስ ይዘህ አሳያቸው፣ አልጋውን አውጡና እጠቡ አልኩ። ሆስፒታሉን ለሰኞ እሺ አለ። መርጨቱን ግን «ሰብለ፣ ያልተረጨ ጫት ማን ይገዛኛል? ነጋዴው ቅጠሉ ካላብረቀረቀ አይነካውም» አለኝ። ልክ ነው።

ጀማል ከጁምዓ ሲመለስ ምሳ ቀረበ። ዘይነባ አርብ መሆኑን አልረሳችም፤ ለእኔ ምስር ለብቻ ሠርታልኛለች። ከምሳ በኋላ ጀማል እንግድነቴን ሊያከብር ብሎ ከቤቱ ጓሮ ወዳሉት ጥቂት የጫት እግሮች ወሰደኝ። ቅጠላቸው በተባይ የተበሳሳ፣ የማያብረቀርቅ።

«ይሄ የኛ ነው። የምንቅመው፣ ለእንግዳ የምናቀርበው። አንድ ጠብታ አልነካውም።»

«ለምን አትረጨውም?»

«ሰው ለገዛ ቤተሰቡ ሱሚ ያበላል እንዴ?»

ሱሚ መርዝ ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ቆሪቻ ሲለው የዋለውን ነው። አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ያለውን ነገር የሰማው።

«ምን አልክ?» አለችው ዘይነባ።

ጀማል ጎንበስ ብሎ ቅጠል መበጠስ ጀመረ። እሷ ግን አልማረችውም፤ እጄን ይዛ ከሚረጨው ጫት በላይ ግራር ላይ ወደተሰቀለው ቀፎ ሄደች። የሷ ነው፤ ማሩን በደሳ ገበያ ትሸጥ ነበር። ከቀፎው ሥር መሬቱ በሞቱ ንቦች ጥቁር ሆኗል። «ትሉን ለቅመው የሚበሉት ወፎችም ከመጡ ቆይተዋል፤ ዶሮዬም እዚያ ማሳ ጭራ ተመልሳ ሞተች» አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ንቦቹ የትኛው የኛ፣ የትኛው የገበያ እንደሆነ ማን ይንገራቸው? ነፋሱስ? የልጅህ ሚስት እርጉዝ ናት፣ ከዚህ ሥር ነው ልብስ የምታሰጣው!»

እኔ ጠዋቱን ሙሉ ያልቻልኩትን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ጀማል ከሞቱት ንቦች አንዷን አንስቶ በመዳፉ ያዛት፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ እሷም አብራ ተንቀጠቀጠች።

«በቃ። ከእንግዲህ እኔ አልረጭም።»

«በአላህ በል።»

«ወላሂ አልረጭም!»

ዘይነባ እልል ልትል ነበር፤ አፍራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እኔም እንባዬ መጣ። የስንት ዓመት ድካም በዚያች ቃል የተቃለለልኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በደሳ

ዘይነባ ማለዳ ሸኝታኝ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጫለሁ። አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው መጥቶ ረዳቱን በኦሮምኛ የጀማልን መንደር ጠየቀው። የጀማልን ስም ስሰማ ወረድኩ።

«የጀማል ዘመድ ነህ?»

«አይደለሁም እናቴ። ትናንት ማታ ሰው ደውሎልኝ ነው። ቆሪቻ የሚረጭ ሰው ይፈልጋሉ አሉኝ።»

የቦርደዴ ሰው ነው። ከብቶቹ በድርቁ አልቀውበት ጭሮ የቀን ሥራ ሲፈልግ ሰንብቷል። ያለው ሸሚዝ አንድ ነው፤ የለበሰው።

ጀማል አልዋሸም። «እኔ አልረጭም» ነው ያለው።

ቀስ ብዬ ነገርኩት፤ ቆሪቻ አይደለም ሱሚ ነው፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ዓይን ያጠፋል፤ ነፋስ ሲነፍስ አትርጭ፤ ገላህን ሳትታጠብ እህል አትንካ። መድኃኒት ቤት እንደምለው ተራ በተራ። እሱም ደንበኞቼ እንደሚያደርጉት ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ።

«ሱሚ መሆኑን አውቃለሁ» አለኝ ስጨርስ። «ሌላ ሥራ ካወቅሽ ንገሪኝ።»

አላውቅም። ረዳቱ በእጁ አቅጣጫውን አሳየው፤ ሰውየው አመስግኖን ሄደ። ጀማልን ያስተውኩት እኔ ነኝ፤ ይሄን ሰው ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። ጀማል ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም።

5 ሰዓት፣ ጭሮ

መኪና ቀይሬ እንደተቀመጥኩ ዘይነባ ደወለች። ድምፅዋ የሠርጓ ሰሞን ድምፅ ነው።

«ሰብሌ፣ አላህ ይስጥሽ! ዛሬ ጥላ ሥር ተቀምጦልኛል። ቁርሱንም በላ።»

«ሰውየው ደረሰ?»

«ደረሰ፣ ምስኪን። በባዶ ሆዱ እንዳይረጭ ቂጣ ጋግሬለት እየበላ ነው።»

«ዘይነብ፣ አስቁሚው። እባክሽ፣ ሂድ በይው።»

ከጀርባዋ የፓምፑ ብረት ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ውሃ እየሞሉት ነው።

«ሰብሌ» አለችኝ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ታዲያ ጀማል ይርጭ ነው የምትዪኝ?»

ረዳቱ «አዳማ ሞልቷል!» ብሎ በሩን ዘጋው።