መሀል ላይ የሚቆም ምላጭ

ዛሬ እሁድ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ከሳሎን «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም፤ ጆሮ ግን አይረሳም። የአየር ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ታች ታጥፎ፣ ውስጡ ያለው ሞላ ሲያዝ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ወጥቼ ሳይ ሁለቱ ልጆቼ ምንጣፉ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ታላቁ ሳምሶን አንድ ጠመንጃ ታቅፏል፣ ታናሹ ኪሩቤልም አንድ። ሥራ ከጠፋ እንደ አያታችን ፈላና በር ጋ፣ የከተማው ግንብ በር ላይ፣ ኢላማ እናስተኩሳለን ብለው ተማክረው ኖሯል። የሚሻለውን መርጠው ሌላውን ለባለሱቁ ሊመልሱት ነው ያመጧቸው። ሳምሶን የእኔ ሰደፍ እንጨት ነው፣ ያንተ የሕፃን መጫወቻ ላስቲክ ነው ይላል። ኪሩቤል ደግሞ ያንተን ምላጭ በሬ ጠምደህ ካልሳብከው አይሄድም ይላል። መጀመሪያ ላይ ሳቅም ነበረው። እየቆየ ነገሩ ከጠመንጃው ወጥቶ ወደ ራሳቸው ዞረ፤ ማን ቤቱን ይረዳል፣ ማን ተኝቶ ይበላል የሚለው መጣ። ኪሩቤል በቡጢ አፉን አለው። የሳምሶን ከንፈር ተሰንጥቆ ደሙ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ጠመንጃውን በአፈሙዙ ጨበጠና ሰደፉን ወደ ላይ አነሳ።

እንዴት መሀላቸው እንደገባሁ አላውቅም። ሰደፉ ትከሻዬን ጨርፎኝ ወደቀ። የጎረቤት ልጆች ጩኸት ሰምተው በራችን ላይ ተሰብስበዋል፤ አንዳቸውም አልገባም፣ ስልካቸውን ደቅነው ይቀርጹ ነበር። ልጆቼ በየፊናቸው ወጥተው ሄዱ። ሁለቱን ጠመንጃ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ሁለቱንም አፈሙዛቸውን አጥፌ፣ ከበሩ ትይዩ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ። አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምኩት፣ ጽሕፈት ብዙም አይሆንልኝም። ግን ልጆቼ እስኪመለሱ ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ልጅ እያለሁ ቅዳሜን የማውቃት በእርሳስ ጣዕም ነበር። አባባ ከፈላና በር ወጣ ብሎ፣ ግንቡ ሥር ኢላማ ያስተኩስ ነበር። ጣውላ ላይ የክብሪት እንጨት፣ ፊኛና ከረሜላ ይሰካል፤ ከረሜላውን የመታ ይወስደዋል። ጥይቶቹ ምስር የሚያካክሉ የእርሳስ ብረት ፍሬዎች ናቸው። ጣቴ ቀጭን ስለነበረ እኔ ነበርኩ የማጎርሰው። እጄ ነፃ እንዲሆን ጥይቶቹን ጉንጬ ውስጥ እይዛቸውና አንድ በአንድ በምላሴ እየገፋሁ አወጣቸዋለሁ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ታስታውሱ ይሆናል፤ ያኔ መርዝ ነው የሚለን አልነበረም። ቀዝቀዝ፣ ጣፈጥ ይል ነበር። ከኋላችን የጫት ገረባ ሽታ፣ ከፊታችን የጠመንጃ ቅባት፣ ከጎናችን የተቆላ ኦቾሎኒ።

ኦቾሎኒው የአባይ ሰፊያ ነበር። ሐረሪዎች አባይ የሚሉት ታላቅ እህትን ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። ነጭ ጨርቅ አንጥፈው፣ ኦቾሎኒውን በስኒ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። እርሳስ በአፌ ባዩ ቁጥር አስተፍተው በምትኩ ኦቾሎኒ ያጎርሱኛል፤ አባባን ደግሞ ልጅህን ጥይት እየመገብክ ልታሳድግ ነው ወይ እያሉ ይቆጡታል። አባባ ይስቃል። አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው የማላውቅ ሰው ነበር።

ከዚያ በፊት ወታደር ቤት መሣሪያ ጠጋኝ ስለነበረ፣ ጠመንጃ ሲፈትሽ ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ አፈሙዙን ይዞ ግራና ቀኝ ይነቀንቀዋል፤ ማጠፊያው ላይ ከተወዛወዘ የማይረባ ነው። ቀጥሎ ሰደፉን በጥፍሩ ያንኳኳል፤ እንጨቱ ድፍን መሆኑን ከድምፁ ያውቃል። ምላጩን መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። አሮጌው ጠመንጃችን፣ ሽማግሌው የምንለው፣ ከአንድ ፈረንጅ አስተማሪ የተገዛ ነበር፤ ሲያዩት ጥቁርና አስቀያሚ፣ ሲያነሱት እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ። ምላጩ ግን ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ለስለስ ብሎ ይመጣና መሀል ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ጥቂት ካልጨመሩበት አይተኩስም። አባባ ጣቴን በጣቱ ይዞ እስከዚያች መቆሚያ ያደርሰኝና እንዲህ ይለኝ ነበር፦

«እዚህ ጋ ይጠይቅሻል። ከዚህ መመለስ ይቻላል። ከዚህ ካለፈ ግን የለም።»

ሁለተኛውን ጠመንጃ ያመጣው የአባባ ታናሽ ወንድም ጋሼ ሽፈራው ነው። ከድሬዳዋ በኮንትሮባንድ የገባ፣ ሰደፉ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ብረቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነበር። ስሙን ሙሽራው አልነው። ጋሼ ሽፈራው ራሱ ሙሽራ የመሰለ፣ ጫወታ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር ከቤት የሚያመጣኝ። ነገር ግን ሙሽራው ከላይ ነው እንጂ ውስጡ የለም። አፈሙዙ እንደሚወልቅ ጥርስ ይወዛወዛል። ምላጩ መቆሚያ የለውም፤ ድንጋይ እንደሚጎትቱት እየተንኮሻኮሸ ይመጣና ሳያስቡት ይሄዳል። ሰው ለማማሩ አንድ ጊዜ ይሞክረውና ተመልሶ ሽማግሌውን ሊይዝ ይሰለፋል። ከጦር ሰፈሩ የመጡ ወታደሮች፣ ሽፈራው ሙሽራህ ለፎቶ ብቻ ነው እንዴ እያሉ ያበሽቁት ነበር። ከእነሱ ጋር ይስቃል። ዓይኑ ግን አይስቅም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሙሽራው ተገርቶ መጣ። ምላጩ ቅቤ ሆኗል፤ ጣት ሲያርፍበት ይተኩሳል። ሰው ተደነቀ፣ ሰልፉ ወደ ጋሼ ሽፈራው ዞረ፣ እሱም ደረቱን ነፋ። አባባ ምን አድርገህ ነው ቢለው ቅባት ነው አለው። ሰው በዝቶበት ስለነበር አባባ ከፍቶ አላየውም። ኋላ ነው የታወቀው፤ ለካ ሞላውን የሚይዘውን ጥርስ ቤቱ ወስዶ በሞረድ ሞርዶታል። የጥሩ ጠመንጃ ምላጭ ለስላሳ የሆነው ስለተሞረደ መስሎታል። ያ ጥርስ ሲሳሳ ሞላውን የሚይዘው ነገር የለም።

ጋሼ ሽፈራው አፈሙዙን አጥፎ ሰጠኝ። እርሳሷን ከምላሴ አውጥቼ ቀዳዳው ውስጥ በሌባ ጣቴ ስገፋት ማንም ምላጩን አልነካም። አፈሙዙ ብቻውን ተስፈንጥሮ ተዘጋ። ህመሙ መጀመሪያ አልመጣም፤ መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፣ ብስኩት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ የአባይ ሰፊያ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ ነገር ተረጨ፤ ጣቴን ባየው ጫፉ የለም። ጉንጬ ውስጥ የነበሩትን እርሳሶች በሙሉ ዋጥኳቸው።

አባባ ነጠላውን ቀዶ እጄን ጠቀለለው። ከዚያ ጠመንጃውን አነሳና ምላጩ ያለበትን ቦታ ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ። የተሞረደው ብረት አዲስ ሆኖ ያበራ ነበር። ወንድሙን ምንድን ነው ያደረግከው አለው፣ በቀስታ። ጋሼ ሽፈራው ፈርቷል፣ አሁን ሳስበው ይገባኛል፤ ልጅቷ ምላጩን ነክታው ነው አለ።

ያን ጊዜ ነው አባባ የመታው። ሙሽራውን በአፈሙዙ ይዞ የወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈው፤ ቀዩ ሰደፍ እንደ ደረቅ አገዳ ተሰነጠቀና ግማሹ በረረ። ሰው የሳቀም አለ፣ ጫወታ መስሎት። አባባ ስባሪውን ጣለና ሽማግሌውን አነሳ። ጋሼ ሽፈራው ፊቱን ሊከልል ክንዱን ዘረጋ። ሽማግሌው አልተሰበረም። ጥሩ ሥራ ነበረ፣ እንጨቱ ድፍን ነበረ፤ የተሰበረው የአጎቴ ክንድ ነው። አጥንቱ ቆዳውን ወግቶ ሲወጣ አይቻለሁ፤ እንደ ኦቾሎኒው ፍሬ ነጭ ነበር። አጎቴ በጉልበቱ ወደቀ። አባባ እንደገና አነሳው፤ አሁን የሚወርደው ጭንቅላቱ ላይ ነው። እዚያ የቆመው ወንድ ሁሉ፣ ወታደሮቹም ጭምር፣ እንደ ግንቡ ደርቆ ቀረ።

አባይ ሰፊያ ተነሱ። ስኒያቸውን እንኳ ከእጃቸው አላስቀመጡም። ሄደው አጎቴ ላይ ጎንበስ አሉና በሻሻቸው ጭንቅላቱን ሸፈኑት፤ ከዚያ ወደ አባባ ቀና ብለው አዩት።

«አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ በል፣ አንተ ሰው። ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣችሁት። እኔን አልፈህ ነው የምታገኘው።»

ጠመንጃው አየር ላይ ቆመ። እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ ነው፤ የአባባ ክንድ ተነስቶ፣ ሰደፉ ላይ የአጎቴ ደም፣ ሳይወርድ ሳይመለስ። ስንት እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ። ሽማግሌውን መሬት ላይ አስቀመጠና አጎቴ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጮኾ አለቀሰ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የአጎቴን ክንድ ወጌሻ አሸው፣ ተጣሞ ጠና። እኔን ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ ይኸው ጣት ነው፤ እስክሪብቶ የሚይዘው እሱ ስለነበረ። ወንድማማቾቹ ኢላማ ማስተኮሱን ሁለቱም ተዉ፤ ዓመት በዓል ግን ከአንድ ትሪ ይበሉ ነበር፣ አባባ ለአጎቴ ሥጋውን እየቆረሰለት። አባባ ሲሞት አስከሬኑን ከፊት የተሸከመው ጋሼ ሽፈራው ነው፣ በዚያው በተጣመመው ክንድ። አባይ ሰፊያም አሁን የሉም፣ አላህ ይማራቸው። በተቀመጡበት ቦታ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ያኔም ሰው ይመታ ነበር፣ ደም ይፈስ ነበር፤ ድሮ ደግ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን መሀል የሚገባ ሰው ነበረ። ጠዋት በራችን ላይ ስልክ የደቀኑትን ልጆች ሳስብ፣ እኔ ጓዳ ባልኖር ኖሮ እላለሁ።

ጠመንጃዎቹን እንደ አባባ ዓይኔን ጨፍኜ ፈትሻቸዋለሁ። ሁለቱም ልጆቼ እውነታቸውን ነው። የሳምሶን ማጠፊያው አይነቃነቅም፣ እንጨቱም ድፍን ነው፤ ምላጩ ግን ደረቅ ነው፣ መቆሚያ የለውም። የኪሩቤል ላስቲክ ነው፣ አፈሙዙም ትንሽ ይወዛወዛል፤ ምላጩ ግን መሀል ላይ ይቆማል። ባለ ግማሽ ጣቴን ሳሳርፍበት አወቅኩት። የቱ ይሻላል ብለው ቢጠይቁኝ የኪሩቤልን እላቸዋለሁ። የሳምሶን ሰደፍ አይሰበርም። የሚያስፈራኝም አለመሰበሩ ነው።

ምሳ ቀርቧል፣ በአንድ ትሪ። ሳምሶን ቅድም ገብቶ ከንፈሩን በውሃ እየነካካ ተቀምጧል፤ እጁን ወደ ትሪው አልሰደደም። አሁን ደግሞ ኪሩቤል መጣ። አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ፣ ደፉ ላይ ቆሟል። ግባ አላልኩትም፣ ሂድም አላልኩትም። ዓይኑ ከወንድሙ ከንፈር ላይ አልተነሳም። እዚህ ጋ ሰው አይገፋም፤ ከዚህ መመለስ ይቻላል።