አቶ ጉታ የሳቁባቸው ቅዳሜዎች

ብርቅዬ ጉታ በሃያ ሰባት ዓመቷ ስለ መዝናናት የምታውቀው ሌሎች ሰዎች የሚያደርጉት ነገር መሆኑን ብቻ ነበር።

ተወልዳ ያደገችው ኮልፌ ነው፤ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ውስጥ። አባቷ አቶ ጉታ ከወለጋ የሚመጣ ማር ተቀብለው የሚሸጡ፣ ቃላቸው የታመነ፣ ፊታቸው ግን የማይፈታ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው። በዚያን ዘመን እንደ እነሱ ያሉ አማኞች በየቤቱ በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚሰበሰቡት። ሲኒማ አይገባም፤ ጠላ አይቀመስም፤ ዘፈን ከጎረቤት ሬዲዮ ሲመጣ መስኮት ይዘጋል። እናቷ ወይዘሮ ዘመነች ከስድስት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ቤቱ ይበልጥ ዝም አለ። አቶ ጉታ ማር ይመዝናሉ፣ ይጸልያሉ፣ ይተኛሉ። ሌላ የላቸውም።

ብርቅዬ የማታ ትምህርት ተምራ ታይፒስት ሆነች። የምትሠራው ፒያሳ፣ የውጭ አገር እንግዶችን ተቀብሎ በሚያስጎበኝ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነበር። አለቃዋ ሚስተር ፓልመር የሚባል ቀጭን እንግሊዛዊ ነው። ሲቸኩል ዓረፍተ ነገሩን ግማሹን ይውጠዋል። ሁልጊዜም ይቸኩላል።

በ1963 ዓ.ም. ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሚስተር ፓልመር እስከ መስከረም ለእረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ ተነሣ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከመውጣቱ በፊት ጽሕፈት መኪናዋ ላይ አንዲት ወረቀት ጣል አደረገ። በእንግሊዝኛ የተጻፈች ናት። «በዊንተር፣ በትልቋ የደቡብ ከተማ፣ የሚያስደስቱ መዝናኛዎችና ሽርሽሮች። ራስሽ ሄደሽ እያየሽ ጻፊ። ስመለስ ላግኘው» ትላለች።

ብርቅዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቃሉን ታውቀዋለች፤ ግን ልቧ ስላላመነ መዝገበ ቃላቱን ከመሳቢያ አወጣች። ዊንተር ማለት ክረምት። ቀና ብላ በመስኮት አየች። ዶፉ የፒያሳን መንገድ ወንዝ አድርጎታል፤ አንድ ሰውዬ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ያቋርጣል።

«በዚህ?» አለች ብቻዋን።

የደቡብ ከተማ የሚለውም አልገባትም። ጅማን ማለቱ ይሆን? እዚያ ቢሮ የላቸውም። ኋላ ላይ ከእንግሊዝ ሆኖ ለሚያይ ሰው አዲስ አበባም ደቡብ ሳትሆን አትቀርም ብላ ተወችው። ክረምቱ ግን ሊገባት አልቻለም። ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ የሐምሌን ጭቃ ሊረግጥ ይመጣል? ሚስተር ፓልመር ደግሞ ሄዷል፤ ማንን ትጠይቅ?

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«በክረምት መዝናኛ?» አሉ አቶ ጉታ፣ ጉርሻቸውን አየር ላይ አቁመው። «ሰውየውን አሞታል እንዴ?»

«አይ፣ ጤነኛ ነው አባባ።»

«ታዲያ የታመመው ማነው?»

ወጡን ጨመረችላቸው። እሳቸውም በሉ። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን፣ «ሴት ልጅ ብቻዋን በዝናብ ደስታ ፍለጋ ስትንከራተት ሰው ምን ይላል? እኔም አብሬሽ እወጣለሁ» አሉ። በዚህ ዓይነት ነው የተጀመረው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዱ። ከእነሱ ሌላ ጎብኚ አልነበረም። አንበሶቹ ከዝናቡ ሸሽተው ከጥግ ተኮራምተዋል፤ ትልቁ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ግድግዳውን ያያል። ብርቅዬ ደብተሯን በነጠላዋ ከልላ «አንበሶች» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ምን እንደምትጨምር ጠፋት። አቶ ጉታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው የአንበሳውን ጀርባ ሲያዩ ቆዩ።

«ይሄም ተቀይሟል» አሉና ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ።

ብርቅዬ ብርድ የመታቸው መስሏት፣ «ያስልዎታል እንዴ አባባ?» ብላ ጠየቀች።

«አላሳለኝም» አሉ። እንደ ሳቁ የገባት ቤት ከደረሱ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፒያሳ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ያዛቸውና ከአንድ ሲኒማ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለሉ። ግድግዳው ላይ ሽጉጥ የያዘ ሰውና ፀጉሯን የለቀቀች ሴት ተስለዋል። ብርቅዬ አንገቷን ደፍታ ቆመች። አባቷ ግን ሥዕሉን በደንብ ካዩት በኋላ፣ «ይገድላታል ወይስ ያገባታል?» አሏት።

«እኔ እንጃ አባባ!»

«ሳይታይ አይታወቅም ማለት ነው» አሉ፤ ተከዙ። አልገቡም። እሳቸው ግን አውቶቡስ ውስጥም ሆነው፣ «ሳያገባት አይቀርም» አሉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ብርቅዬ ግራ ገባት። እኚህ ሰው ሬዲዮ ሲሰማ መስኮት የሚዘጉት አባቷ ናቸው? ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባት። ረቡዕ ሲደርስ አቶ ጉታ፣ «ለቅዳሜ ወዴት ነው ያሰብሽው?» ማለት ጀመሩ። ዓርብ ማታ ቦት ጫማቸውን ራሳቸው ይወለውላሉ። እሷ የምትሠራው የታዘዘችውን ነው፤ እሳቸው ግን ማን አዘዛቸው?

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ፍል ውሃ ሄዱ። የወንዱና የሴቱ መታጠቢያ ለየብቻው ነው። ብርቅዬ ቶሎ ታጥባ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብላ ስትጠብቅ፣ ከወንዶቹ በኩል መዝሙር ሰማች። በኦሮምኛ ነው። ጎርናና፣ ሙሉ፣ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ። መዝሙሩን ታውቀዋለች፤ ቤታቸው ውስጥ በሹክሹክታ የሚዘመር ነው። ድምፁንም ታውቀዋለች፤ ከሰማችው ስድስት ዓመት ሆኗታል እንጂ። ከየክፍሉ የሚታጠቡት ሰዎች፣ «ይደገም! ይደገም!» ይላሉ። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ፣ «ሰውዬው ድምፅ ታድሏል፤ የማን ይሆን?» አለቻት።

ብርቅዬ ልትኮራ ይሁን ልታፍር አላወቀችም። «አላውቀውም» አለች፤ ወዲያውም አባቷን ስለካደች ደነገጠች።

አቶ ጉታ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ከራሳቸው ላይ እንፋሎት እየተነሣ ወጡ።

«ማን ነበር የሚዘምረው አባባ?»

«ሰው ይዘምር ነበር እንዴ? እኔ አልሰማሁም» አሉና ቀድመዋት ወደ በሩ ተራመዱ።

ነገሩ ከረር ያለው በአምስተኛው ቅዳሜ፣ በነሐሴ መጀመሪያ ነው። ያን ቀን ሩቅ አልሄዱም። ከቤታቸው በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የሰፈር ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የሚንሸራተቱበት ቁልቁለት አለ። ብርቅዬ ለዝርዝሯ የሚሆን ነገር ስላለቀባት ልታየው ሄደች። ጭቃው እንደ ቅቤ ያበራል። ጫልቱ የምትባለው የጎረቤት ልጅ ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ ለብሳ፣ «አባባ ጉታ፣ ይሞክሩት!» ብላ በቀልድ ጮኸች።

አቶ ጉታ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለብርቅዬ ሰጧት። ጃንጥላቸውንም ሰጧት።

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?»

ኮታቸውን ሰብስበው ጆንያው ላይ ተቀመጡ፤ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ የጸሎት ቤቱ አንጋፋ። ከዚያ ሄዱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ኋላ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ። ግማሽ መንገድ ላይ ጆንያው ከዳቸው። ተገለባበጡና ከታች፣ ሣሩ ላይ፣ በጀርባቸው ተዘርግተው ቀሩ።

ብርቅዬ ባርኔጣውንና ጃንጥላውን ወርውራ ቁልቁል ሮጠች፤ ተንሸራተተች፣ ወደቀች፣ የቀረውን በቂጧ ወረደች። ስትደርስ አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«አባባ! የት ጋ ነው የተመቱት? ይናገሩ!»

እየሳቁ ነበር። ቀረብ ብላ ስታይ ደግሞ የሚያለቅሱ መሰላት። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ስለሚወርድ መለየት አልቻለችም።

«እናትሽ» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «እናትሽ መጀመሪያ ያየችኝ እንዲህ ሆኜ ነው። የማር እንስራ ተሸክሜ በደጃፋቸው ሳልፍ ጭቃው ጣለኝ። እንስራው ተሰበረ። ማር በማር ሆኜ ብነሣ፣ አንዲት ልጅ ምሰሶ ይዛ ትስቃለች። እንዴት እንደምትስቅ ብታያት! ከሞተች ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ የማያት አልጋ ላይ ሆና ስታቃስት ብቻ ነበር። ያን ሳቋን የት አድርጌው ኖሯል?»

ብርቅዬ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። እናቷን የምታስታውሳቸው ኮስታራ ሴት አድርጋ ነው። በነጠላዋ የአባቷን ፊት ጠረገች፤ ነጠላው ራሱ ጭቃ ስለነበር ይብስ አጨማለቀቻቸው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ኀዘን ሰው ያሳብዳል ሲባል ሰምታለች፤ ኀዘን ለቀቅ ሲያደርግስ? በማግስቱ ከጉባኤው በኋላ የጸሎት ቤቱን ሽማግሌ አቶ ሰብስቤን ለብቻ ጠርታ፣ «አባቴ ጤና የላቸውም መሰለኝ» አለቻቸው። አቶ ሰብስቤ የጭቃውን ወሬ ከእሷ በፊት ሰምተውት ነበር።

ሰኞ ከሰዓት መጡ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«አቶ ጉታ፣ ያው እንደ ወንድም ነው የመጣሁት። ፍል ውሃ ታዩ ይባላል፤ ሲኒማ በር ላይ ታዩ ይባላል። የቅዳሜው ደግሞ... ምእመናን ተጨንቀዋል።»

አቶ ጉታ ወንበር ሰጧቸው። ራሳቸውም ተቀመጡ።

«ወንድም ሰብስቤ፣ ስድስት ዓመት አለቀስኩ። ለምን ያለቅሳሉ ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። አምስት ቅዳሜ ሳቅሁ፤ ይኸው ሽማግሌ ተላከብኝ።»

አቶ ሰብስቤ መጽሐፉን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት። የሚገሥጹበትን ቃል ሲፈልጉ ያስታውቃሉ፤ አላገኙትም። ብርቅዬ በር ላይ ቆማ ለማን እንደምታዝን አላወቀችም። በመጨረሻ አቶ ሰብስቤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍል ውሃው... ለወገብ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉ።

«ይምጡና ይዩት» አሉ አቶ ጉታ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ፍል ውሃ የሄዱት ሦስት ሆነው ነበር። ከወንዶቹ በኩል የሚሰማው መዝሙር ሁለት ድምፅ ሆነ። በሰባተኛው ቅዳሜ ዝናቡ አልበረታም፤ ፒያሳ ኬክ ቤት ገብተው ክሬሙ አፍንጫቸው ላይ የቀረባቸውን አቶ ጉታን ብርቅዬ ሳትነግራቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሄደች። ለምን እንዳልነገረቻቸው ራሷም አታውቅም።

መስከረም ላይ ሚስተር ፓልመር ተመለሰ። ብርቅዬ በሁለት ገጽ በጥንቃቄ የተየበችውን ዝርዝር አቀረበችለት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ጀርባውን የሰጠ አንበሳ» አለ። «በዶፍ ጊዜ ጥሩ በረንዳ ያለው ሲኒማ ቤት። በጆንያ በጭቃ መንሸራተት... ለጤነኛ አረጋውያንም ይሆናል?» ቀና ብሎ አያት። «ሚስ ብርቅዬ፣ ይህ ምንድነው?»

«የዊንተር መዝናኛ ነው። ክረምት።»

«ዊንተር እኮ ዲሴምበር፣ ጃንዋሪ ነው!»

«እሱማ ታኅሣሥና ጥር ነው። በጋ ነው። ፀሐይ ነው።»

«አዎ! ለዚህ እኮ ነው የሚመጡት! አገራቸው በረዶ ሲሆን እዚህ ፀሐይ ስለሆነ!»

ብርቅዬ ክው አለች። ሰባት ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ አቶ ሰብስቤ ሳይቀሩ። ሚስተር ፓልመር መጀመሪያ ተበሳጨ፤ ከዚያ የሁለተኛውን ገጽ መጨረሻ እንደገና አነበበና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ሌላ ጻፊልኝ፤ የእኔን ዊንተር» አላት።

ሌላውን በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። የበጋው ቀላል ነበር፤ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ጃን ሜዳ አለ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ደረቅ መንገድ አለ። ሄዳ ማየት እንኳ አላስፈለጋትም። ማታ ለአባቷ ስህተቱን ስትነግራቸው ይናደዳሉ ብላ ፈርታ ነበር።

አቶ ጉታ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «የበጋውን ሳታዪ ነው የጻፍሽው?» አሉ። «ይሄማ ሐሰት ነው። ሐሰት ደግሞ ኃጢአት ነው።»

ስለዚህ የገና ዕለት ጃን ሜዳ ተገኙ። ሰማዩ አንድ ጉድፍ የለውም፤ አቧራው እስከ ጉልበት ነው። ሁለት ቡድን ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ሩሯን ወዲያና ወዲህ ያላጓታል፤ ሰዉ ይጮኻል፣ ይገፋፋል። አቶ ጉታ ከፊት ተጋፍተው ቆሙ። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን እያወናጨፉ፣ «በላት! በላት እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» እያሉ መጮኽ ጀመሩ። ክንዳቸው የአንድ ባለ ካባ ሰውዬ ባርኔጣ ጣለ። ብርቅዬ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ሰውዬው ራሱ እየሳቀ፣ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አላት።

«አባባ» አለች ጆሯቸው ሥር፣ «ለየትኛው ወገን ነው የሚጮኹት?»

ዞር ብለው አዩዋት፤ ጥያቄው ያስገረማቸው ይመስላል።

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺስ ለማን ነሽ?»

ብርቅዬ ሜዳውን አየች። ማን ከማን ጋር እንደሆነ፣ የማን ግብ በየት በኩል እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም በአቧራ አንድ መልክ ሆኗል። ሩሯ ከዱላ ጫካው ውስጥ ድንገት ፈትለክ ብላ ወደ እነሱ በኩል ስትመጣ፣ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ እያወለበለበች ጮኸች።