በረንዳው ላይ የቀሩት

ጎባ መዝነብ ከጀመረች ማንንም አትምርም። ባለፈው እሑድ ማኅበራችን የተሰበሰበው ሰብሳቢያችን ቤት ነበር። አዲስ ምንጣፍ ስላነጠፉ ጫማችንን በረንዳው ላይ አውልቀን ገባን። የዕለቱ ትምህርት ለደካሞች ስለ መራራት ነው፤ ሰብሳቢያችን ገና ሲጀምሩት እንባ ተናነቃቸው።

መሃል ላይ በሩ ተንኳኳ። ለበሩ የምቀርበው እኔ ስለሆንኩ ከፈትኩ። የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ሁሴን ናቸው፤ ቡሉኳቸውን ተከናንበው ምርኩዛቸውን ተደግፈዋል።

«ማሎ ልጄ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አስጠልሉኝ» ብለው ለመኑኝ።

ሰብሳቢያችን የሽማግሌውን ጭቃ የነካው እግር አዩ፤ ቀጥለው ምንጣፉን አዩ።

«ትምህርቱ እንዳይቋረጥብን፣ እዚያው በረንዳው ላይ ትንሽ ይታገሡን» አሏቸው በትሕትና። በሩን ዘጋሁት።

ስለ ርኅራኄ አውርተን አልጠግብ አልን። ስንወጣ ነፋሱ ዝናቡን በረንዳው ድረስ እያመጣ ይረጨዋል። ኦቦ ሁሴን ግድግዳውን ተጠግተው ይንቀጠቀጣሉ። ቡሉኳቸው ጫማዎቻችን ላይ ተዘርግቷል።

«ምነው ኦቦ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«በዚህ ብርድ በበሰበሰ ጫማ እንዴት ቤታችሁ ትደርሳላችሁ ብዬ ነው።»

ሰብሳቢያችን ቡሉኮውን ገለጥ አድርገው ጫማቸውን ዳሰሱ።

«ተመስገን» አሉ፤ «አልራሰም።»