ስምና ቀን ብቻ

ወንድሜ ኮይ ስቲልትነር የመቃብር ድንጋይ ይቀርጻል። እዚህ ቨርጂኒያ፣ በእኛ ተራራ ሥር የሞተ ሰው ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። እኔ እህቱ አርሊን ደግሞ ሱቁ ውስጥ ስልክ አነሣለሁ፣ ሐዘንተኛ አጽናናለሁ፣ ከእሱ ጋር እጨቃጨቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ በክርክር የረታሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። እሱን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ክፉ ሰው ግን አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቆይቼ ስናደድበት እንዳልረሳው ነው። የድሃ ልጅ ሲሞት ድንጋዩን በነጻ ይሠራል። እሁድ እሁድ ከባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን የፊት ወንበር አይጠፋም። ድንጋይ ላይ የሚወጣውን ቃል ከመቅረጹ በፊት ጮክ ብሎ ያነበዋል፤ "በእግዜር ፊት የምናገረው እኔ ነኝ" ይላል።

ጣጣው የጀመረው ሚስ ዋኔታ ራትሊፍ ሱቃችን የመጡ ቀን ነው። በእኛ አገር ያገባችም ያላገባችም ትልቅ ሴት 'ሚስ' ትባላለች። ሚስ ዋኔታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ እኔንም ኮይንም ያመላለሱን እሳቸው ናቸው። ከሚስ ፌይ ጋር አንድ ቤት አረጁ፤ ሕጉ ሲፈቅድም ሄደው ተጋቡ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ አገሩ ሁሉ አያወራም። ሚስ ፌይ በጥር ሞቱ። ሚስ ዋኔታ የፈለጉት ድንጋዩ ላይ ከሚስ ፌይ ስም ሥር "የዋኔታ ሚስት" እንዲባል ነበር።

ኮይ ኮፍያውን አወለቀ። "ሚስ ዋኔታ፣ ድንጋዩን እሠራልዎታለሁ። ስማቸውን፣ ቀኑን፣ የሚወዱትን አበባ ሁሉ። ያቺን ቃል ግን አልችልም።"

"ለምን? ፊደሉ ጠፋህ?"

"እምነቴ አይፈቅድልኝም። ደግሞስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንጋይ ላይ መጻፉ ምን ያደርግልዎታል?"

"አንተ ልጅ! ለዚያ ለሴት አሳዳጁ ለመሊንስ 'ታማኝ ባል' ብለህ ስትጽፍ እምነትህ የት ሄዶ ነበር?"

"ያዘዘችው ሚስቱ ናት።"

"እኔስ? እኔም ሚስት ነኝ እኮ የማዝህ!" አሉና በሩን አላትመው ወጡ።

ከሰሱት። በቨርጂኒያ ሕግ ሱቁን ለሕዝብ የከፈተ ሰው ደንበኛ አይመርጥም። ኮይ ደግሞ "ሱቁ የሕዝብ ይሁን፤ እጄ ግን የእግዜር ነው" አለ። ለሁለቱም ከሩቅ ከተማ ያለ ክፍያ የሚሟገቱ ጠበቆች መጡላቸው፣ ካሜራም ተከተላቸው። ስለ መብት ሲናገሩ አፍ ያስከፍታሉ። ፌይ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። የሚስ ፌይ መቃብር ቀባሪዎቹ በተከሏት ቆርቆሮ ምልክት ቀረ። የሌላ ከተማ ድንጋይ ጠራቢ ያቺን ቃል ጨምሬ በነጻ ልሥራ ቢል ሚስ ዋኔታ እምቢ አሉ። "የእናቴን ድንጋይ የቀረጸው ኮይ ነው፤ የፌይንም እሱ ይቀርጻል።" ግትር ከግትር ገጠመ፤ መሐል የተቀመጥኩት እኔ።

በመጨረሻ ዕርቅ ሆነ። ኮይ "ባል" ወይም "ሚስት" ብሎ ለአንዱ ከጻፈ ለሁሉም ይጽፋል፤ ለአንዱ እምቢ ካለ ለማንም አይጽፍም። እሱም ለማንም አልጽፍም ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ከሱቃችን በሚወጣው ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ስምና ቀን ብቻ ሆነ። የሚስ ፌይም እንዲሁ ቆመ፤ ሚስ ዋኔታ ደክሟቸው ነበርና ተቀበሉ። ስድቡን በስልክ የምጠጣው እኔ ነኝ። አንዷማ "እናቴን እንደ ፖስታ ሳጥን ስምና ቁጥር ለጠፋችሁባት!" ብላ ጮኸችብኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው።

በታኅሣሥ የኮይ ሚስት ሩቢ ሞተች።

ግራጫ ድንጋይ መረጠላት፣ ጽጌረዳ ሣለበት፣ ከዚያ መቅረጫ ማሽኑን አስነስቶ መልሶ አጠፋው።

"ጻፍላት እንጂ!" አልኩት። "የገዛ ሚስትህ ናት፤ ማን ይከስሃል?"

"ፈርሜያለሁ።"

"እንግዲያው ለሩቢም ለሚስ ፌይም ጻፍና ይለይልህ!"

"እሱንም አልችልም፣ አርሊን።"

ቃል የእምነት ዕዳ ነው ይባላል። ያን ቀን ቃሉም ዕዳውም ገደል ይግባ ብዬ አለቀስኩ። ኮይ ስሟንና ሁለቱን ቀኖች በወረቀት ጻፈ። እንደ ልማዱ ከመቅረጹ በፊት ጮክ ብሎ አነበበው፤ ለማንበብ አፍታም አልፈጀበትም።

በግንቦት መጨረሻ እሁድ መቃብር እናጥባለን፤ አገሩ ሁሉ ባልዲና ብሩሽ፣ ምሳውንም ይዞ ይወጣል። ኮይ የሩቢን ድንጋይ እየፈተገ ሳለ ሚስ ዋኔታ በምርኩዝ እየተደገፉ፣ ባልዲ አንጠልጥለው መጡ። ድንጋዩን አነበቡት። ምን እንደሚሉት አውቄዋለሁ፣ ቢሉትም ይገባዋል።

"ያኔ ያልከኝን ልመልስልህ ስዘጋጅ ከርሜ ነበር" አሉት። "ሰው ሁሉ ያውቀዋል ልልህ። አሁን ሳየው አፌ እምቢ አለ። ያቃጥላል፣ አይደል?"

"ያቃጥላል፣ ሚስ ዋኔታ።"

ቀጥሎ የሚለውን ጠበቅሁ። እግዜር ያውቃል፣ 'እጽፍልዎታለሁ' እንዲል ጠበቅሁ። ኮይ ግን ባልዲያቸውን ተቀበላቸው፣ ሚስ ፌይ መቃብር ድረስ ተሸከመላቸው፣ ተንበርክኮም አጠበው፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ። ከዚያ ሁላችንም ምሳ በላን።

ሰኞ ሱቁ ተከፈተ። ስልኩ ጮኸ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፣ ድንጋዩ ላይ ምን ምን መጻፍ እንደሚቻል ጠየቀችኝ። ወደ ኮይ ዞር አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ማሽኑን ይጠርጋል።

"ስምና ቀን ብቻ" አልኳት።